ስንዱን የካድሁበት ፍልሰታ

ይህን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርሁም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ዛሬ የምናገረው የሞጣ ልጆች ይንገሩን ስላሉኝ ነው፤ እነሱ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን ዛፍ ሥር እንደተቀመጥን የሰንበት ተማሪዎቹ ከበቡኝ። «እማማ ጥሩዬ፣ እስቲ የድሮውን ክርስቲያን ይንገሩን። የዛሬው እኮ ክርስቶስን አይመስልም» አሉኝ። አንዱ ደግሞ ቀጠለና «ስልክ እየጎረጎረ ያስቀድሳል፣ ከደጀ ሰላም ሳይወጣ ሰው ያማል። እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሙሉ ደብር ለደብር የዞሩ እናት ነዎት» አለኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት መቼም ተምሬያለሁ።

ከዚያ በፊት ያየሁት ነገር ግን አንጀቴን ሲያቃጥለኝ ነበር። ጠላው ሲታደል ሌላው ሁሉ በአንድ ዋንጫ ይቀባበላል፤ ለአንዲት ልጅ ብቻ በላስቲክ ኩባያ ለብቻዋ ሰጧት። የማን ልጅ ናት ብዬ ጠየቅሁ። «የሸክላ ሠሪዎቹ ናት እማማ፤ እንዳትነካዎት ብለን ነው» አለችኝ አንዷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ያዘነችልኝ መስሏት። እንግዲህ የዛሬው ክርስቲያን ክርስቶስን አይመስልም የሚሉኝ እነዚሁ ናቸው!

ኧረ እናንተ ልጆች! ልቆጣቸው አልሁና ተውሁት። በየትኛው አፌ ልቆጣ? «ቆዩኝ፣ እነግራችኋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ፊደል አልቆጠርሁምና እኔ እየተናገርሁ የልጅ ልጄ ትጽፈዋለች። የድሮውን ክርስቲያን አሳዩን አላችሁ አይደል? ይኸው እዩት።

ባሌ ከሞተ ወዲህ አንድ ቤት አልቀመጥም። ወንዱ ልጄ ያለው እዚሁ ሞጣ ነው፤ ሴቷ ልጄ ሙሉ ደግሞ ቢቸና። ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ በመንገዱ ያለውን ታቦት ሁሉ እሳለማለሁ። ሲመሽብኝ ያገኘሁት ሰው ያሳድረኛል። ይህን የምነግራችሁ ያደረግሁትን እንድታቀሉልኝ አይደለም፤ በሰው ደጅ የምኖር ሰው መሆኔን እንድታውቁት ነው።

ብዙ ዓመት ሆነው። ፍልሰታ ነበር። ከደብረ ወርቅ ወደ ቢቸና ስሄድ መኪናው ጭቃ ይዞት ቀረ፤ እኔም በእግሬ ቀጠልሁ። ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብኝ። በሩ ላይ መስቀል የተቀረጸበት አንድ ቤት አገኘሁና አንኳኳሁ። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። «ማኅበር አለብን እማማ፣ ቤቱ ሞልቷል፤ ይለፉ» አሉኝ። በሁለተኛው ቤት አንዲት ሴት ወጣች፤ እግሬ ላይ ያለውን ጭቃ አየችና «ሱባኤ ይዣለሁ» ብላ በሩን ዘጋችው። ከማን ጋር ልትነጋገር ይሆን በሩን በእኔ ላይ የዘጋችው?

ከመንገዱ ወረድ ብሎ ደግሞ ደጃፉ ላይ ገል የተከመረበት ጎጆ አለ። የማን ቤት እንደሆነ ገሉ ይናገራል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል አድገናል፤ እኔም ስል ኖሬያለሁ። ብርዱ በረታብኝና ገባሁ። ልቤ ደግ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የገባሁት።

ሴትዮዋ ስንዱ ትባላለች። ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ስንዱ ከየት መጣሽ፣ የማን ወገን ነሽ አላለችኝም። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ከጥፍሬ ሥር ጭቃውን በጣቷ እያወጣች «ይህ እግር ብዙ ደብር ያውቃል መሰለኝ እማማ» ብላ ሳቀች።

«እግሬስ ያውቃል፤ ራሴ ነው የማያውቀው» አልኋት። እንደ ቀልድ ነበር ያልሁት።

የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ። ሽሮ በጎመን አቀረበችና ራቅ ብላ ቆመች። «እኛ የነካነውን አይቀምሱ ይሆናል። ባቄላ አለ፤ ከፈለጉ ራስዎ ይቁሉት፣ ብረት ምጣዱን አጥቤዋለሁ» አለችኝ። አያችሁ? በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እህሏ ፊት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ሽሮውን በላሁት፤ ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ። ስንዱ ያን ቀን ጭቃዋን አልነካችም፣ ከቤትም አልወጣችም። ጨርቅ እያራሰች ግንባሬ ላይ ስታደርግ፣ አብሽ በጥብጣ ስታጠጣኝ ዋለች። ይህን ቀን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ቀን ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ። የቢቸና ገበያ ነበርና ስንዱና ብርቄ ሸክላቸውን ተሸክመው፣ እኔም በትሬን ይዤ አብረን ወጣን። ስንዱ ጀርባዋ ላይ ጋን አለ፤ በአንድ እጇ እኔን ትደግፋለች። የከተማው ባጃጆች ብቅ ሲሉ ቆም አልሁ። የሙሉ ጎረቤቶች ከእሷ ጋር ቢያዩኝስ? «ስንዱዬ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም። አንቺ ገበያው ሳያልፍብሽ ቅደሚ» አልኋት። ሰው ለመሸሽ የእግዜርን ቤት ምክንያት አደረግሁ። ተሳለምሁም። ግንቡን ሳምሁት፣ ደጁን ሳምሁት፤ እጇን ሳልስም ሸኝቼያት ግንብ ስስም ነበር።

ሙሉ ቤት ስደርስ ሰፈሩ ተረብሿል። ጎረቤታችን የሺ ቤት ገባሁ፤ ትንሿ ልጇ ታማ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትቃዣለች። ሴቶቹ ከበው ጤና አዳም ያሸቷታል፤ «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» እያሉ ይጮሁባታል። ሕፃን ልጅ ምን ትናገር? «ሸክላ ሠሪዋ ናት? ስንዱ ናት? ስንዱ በይ!» ስሙን ራሳቸው አፏ ውስጥ ከተቱት። ልጅቷም በትኩሳቷ መሃል «ስንዱ» አለች። በቃ፣ ተፈረደ።

«ትናንት!» ብላ ጮኸች የሺ፣ «ትናንት በደጄ ስታልፍ ልጄን አፍጥጣ አይታታለች!»

ትናንት ስንዱ የት እንደዋለች ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ነበርሁ። የራሰ ጨርቋ ቅዝቃዜ ገና ከግንባሬ አልጠፋም። ትናንት ከእኔ ጋር ነበረች ብል ያበቃል። ይህን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈልጋል?

አንዷ ዞር ብላ «እርስዎስ እማማ፣ የት አድረው መጡ?» አለችኝ። በክፋት አልጠየቀችኝም፤ ለመንገደኛ የሚጠየቅ ነገር ነው።

«ደብረ ወርቅ፣ ደጀ ሰላም ነው ያደርሁት» አልሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ማንም በትር አላነሣብኝም። ዋሸሁ፤ ስዋሽም ቤተ ክርስቲያን ጠርቼ ዋሸሁ።

ጎረምሶቹ ወደ ገበያ ሮጡ። ሸክላዋን አንድ ሳያስቀሩ ሰብረው፣ እሷን ከነልጇ እየገፈተሩ አመጧት። የቡዳ ምራቅ በሽተኛውን ያድናል ስለሚሉ «ትፊባት!» አሏት። ስንዱ ነጠላዋ ተቀዷል፤ ድምጿ ግን ዝግ ያለ ነበር።

«ትናንት ከቤቴ አልወጣሁም። እንግዳ ታሞብኝ ሳስታምም ነው የዋልሁት» አለች።

«አንቺ ቤት የትኛው ክርስቲያን ገብቶ ነው የሚታመመው?» አላት አንዱ፤ ሰው ሳቀ። «በይ ጥሪው እንግዳሽን!»

ስንዱ ዓይኗን በቤቱ ውስጥ አዞረች። እኔ ከኋላ ነበርሁ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ጎትቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ። ለማን ነበር የምጸልየው? የምሸሸው ከማን ነበር?

«እንግዳዬ ሄዳለች» አለች ስንዱ።

ከዚያ የደረቀ አፏን አርጥባ ተፋች። ሁለተኛ ቢቸናን እንዳትረግጥ አስጠንቅቀው፣ ልጇን በእጇ እንደያዘች አባረሯት።

ሲመሻሽ የጤና ጣቢያው ነርስ መጣ፤ ከወሎ ተመድቦ የመጣ እስላም ልጅ ነው። ልጅቷን አዳመጣትና «የሳንባ ምች ነው፤ እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?» ብሎ ራሱ ታቅፏት በዝናቡ ሮጠ። በመድኃኒቱ ዳነች። ሰፈሩ ምን ያለ ይመስላችኋል? «የስንዱ ምራቅ ፈወሳት!» አለ። እውነት ወለል ብላ ቆማ እንኳ አናያትም እኮ።

ጴጥሮስ ጌታውን ቢክድ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ገብቼ ራቴን በላሁ። ስበላም ወጡን ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን ሙሉን ሁለቴ ጠይቄያታለሁ፤ ፍልሰታ ነዋ! ሰው አስበልቼ ስመጣ ቅቤ እንዳልበላ ተጨነቅሁ።

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። በጾም ረስቼ ወተት የነካው ማንኪያ መላሴን ተናዝዣለሁ፤ በቅዳሴ መሃል ማንቀላፋቴን ተናዝዣለሁ፤ አርባ ስገጂ ቢሉኝ ሰግጃለሁ። ስንዱን ግን አልተናዘዝሁም። ለምን? ማንኪያው አያሳፍረኝማ! የማንኪያ ኃጢአት የደግ ሴት ኃጢአት ነው፤ ሰው ቢሰማውም ያስመሰግናል። ትንሿን ኃጢአት ፊት አቁሜ ትልቋን ከኋላዋ ስደብቅ ኖርሁ።

ፍልሰታ ሲፈታ ወደ ጎጆዋ ሄጄ ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። በአካባቢው ያሉትን ብጠይቅ «ለቅቀው ሄዱ፤ ተገላገልን» አሉኝ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎን፣ ያን ጊዜም ነቀነቅሁ! እናንተ እንደ ጽድቅ የምታዩልኝ መዞሬ ከዚያ ወዲህ በዛ። ግማሹ ፍለጋ ነው፣ ግማሹ ሽሽት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የድሮው ክርስቲያን ይኸውላችሁ። ነጠላው ነጭ ነው፣ ጾሙ ሙሉ ነው፣ ስልክ አልያዘም። ታዲያ ምኑ ነው ክርስቶስን የመሰለው? ዘመኑ ተበላሸ እያላችሁ አታድክሙኝ። ዘመን ምን አደረገ? ያ ኩባያ በዘመን እጅ አልተቀዳም፤ በእናንተ እጅ ነው የተቀዳው። የተማራችሁት ደግሞ ከእኛ ነው። ይኸው ነው የሚያበግነኝ! እኛ በዝምታ ያስተማርናችሁን እናንተ በትሕትና ትሠሩበታላችሁ፤ «እንዳትነካዎት ብለን ነው እማማ» እያላችሁ።

እኔ አላወቅሁም ነበር አልልም፤ አውቄያለሁ። ፈርቼ ነው ብልም እውነት ነው፤ ግን ፍርሃት ምክንያት ከሆነ ማን ኃጢአተኛ ይቀራል? ልጄ ሙሉ በጎረቤት ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው ልልም እችላለሁ። አልልም። ስንዱም ልጅ ነበራት፤ ልጇ እያየች ነው ያስተፏት። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እሷን ነው፤ እናንተን ይቅር በሉኝ ብል በማይገባችሁ ትምሩኛላችሁና አልጠይቃችሁም።

ዓምና እዚሁ ሞጣ፣ ጠበል ወርጄ ስመለስ አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ። ብርቄ ነበረች፤ አድጋ፣ ወልዳ። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። የማለቅሰውን አልቅሼ ሳበቃ፣ ያን ቀን ከኋላ ቆሜ እናቷ ስላላየችኝ ብቻ እጽናና እንደነበር ነገርኋት። ብርቄ ግን እናቷ እንዳየችኝ ነገረችኝ። ያን ቀን ከቢቸና ሲመለሱ «እማዬ፣ ያቺ እማማ እኮ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ለምን አልጠራሻትም?» ብላ ጠይቃት ነበር።

ስንዱም «ከእኛ ቤት ማደሯ ከታወቀ ማን ያሳድራታል? ክረምቱ እኮ ገና አልወጣም» አለቻት።