ዓሣ ይዞ የሚለቅ አማች

ሀዳነ ለሰው ትዕግሥት እያስተማረ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው፤ ለራሱ ግን ከዚያ ትዕግሥት አንዲት ፍንጣሪ አልደረሰችውም። ኒውዚላንድ በሚባለው የዓለም ጫፍ፣ መኪና በማይዘልቅበት ሸለቆ፣ ውኃው ከጉልበቱ በላይ እየመታው ይቆምና ሀብታም እንግዶቹን «ቀስ፣ ገና ነው፣ አሁንም ገና ነው» ይላል። እንግዶቹ ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ ይወረውራሉ፤ ትራውት የምትባለዋን ነጠብጣባም ዓሣ ከድንጋዩ ለይቶ የሚያሳያቸው ግን እሱ ነው። ዓይኑ የተሳለው ስሜን ተራሮች ላይ ነው። ደባርቅ አስጎብኚ ሳለ ገደል ላይ የተለጠፈውን ዋልያ ከሁሉ ቀድሞ ያይ ነበር። ይህን ዓይን አንድ የዓሣ ማጥመድ ሱሰኛ ቱሪስት ወደደለትና ወሰደው። «ለአንድ ዓመት ነው» ብሎ ሄደ። ይኸው ስምንት ዓመቱ።

ያኔ «ጠብቂኝ» ያላት ሰርካለም ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለችው አይከል ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ጠበቀችው ማለት ይከብዳል፤ ብቻ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶባት ሁለቱንም መለሰች፤ ምክንያቱን የጠየቃት ሁሉ አፍሮ ተመለሰ።

ዘንድሮ ወንዞቹ ለዓሣ አጥማጅ በተዘጉባቸው ወራት ሀዳነ ጎንደር ገባ። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራየና ፍልሰታ እንደተፈታ ሽማግሌ ላከ። የሰርካለም አባት አያ ዳኛው እንደ ወጉ «ዘመድ እንጠይቅ» ብለው መለሱ። ልጁን ባንድ ቀን የሚሰጥ አባት የለም፤ ይህን ሀዳነም ያውቃል። ግን በረራው መስከረም አምስት ነው። ወንዙ ሲከፈት ካልተገኘ አሠሪው ቦታውን ለሌላ አስጎብኚ ሊሰጥ ቆርጧል።

ሽማግሌዎቹ ጳጉሜን አንድ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። ሚስት ፈላጊው ራሱ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሀዳነ ግን ምኑን ቁጭ አለ። ከማራኪ ወደ ቁስቋም ሰፈር በሚኒባስ ወጣ፣ ወረደ፣ ሻይ አዞ ሳይጠጣ ከፍሎ ተነሣ፣ ደግሞ ወጣ። በሦስተኛው ምልልስ የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወት አየውና «አንተ ሰውዬ፣ የጠፋብህ ነገር ካለ ንገረንና አብረን እንፈልግ» አለው።

አመሻሽ ላይ አያ ሰውአገኝ ክፍሉ ገቡ። የአባቱ ጓደኛና የሽማግሌዎቹ መሪ ናቸው፤ ምላሳቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ምን ተባለ፣ አያ?»

«መጀመሪያ ውኃ ስጠኝ።» ጠጡ። «ሥራው ምንድን ነው አሉ። ዓሣ ነው አልኩ። ይሸጣል? አሉ። አይሸጥም አልኩ። ይበላዋል? አሉ። ኧረ አይበላም፣ ይዞ ይለቀዋል፣ እጁ እንዲያ ርኅሩኅ ነው አልኩ።»

«እሺ?»

«ሸጋ የተናገርኩ መስሎኝ። አያ ዳኛው ምን አሉ መሰለህ፤ ‹እሱንማ እናውቃለን፤ የኔንም ልጅ ይዞ ለቋት ነበር። ዓሣዋስ ከንፈሯ ቆስሎ ወዴት እንደምትገባ ጠይቆ ያውቃል?›»

ሀዳነ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ስንቱን ዓሣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ ለቅቋል፤ በዚህም ይኮራ ነበር። የሄደበትን ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

«እኔው ራሴ አይከል ልሂድ።»

«እኛስ ምን ልንባል ነው? አርፈህ ስማ። ለመስቀል ማግስት ተመለሱ አሉ። እስከዚያ ግን ፓስፖርቱ ሽማግሌ እጅ ይቀመጥ አሉ። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ ብላቸው፣ ‹አንተማ ለገዛ አፍህም ዋስ ያስፈልግሃል› አሉኝ።»

አያ ሰውአገኝ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ሀዳነ ደወለላት።

«አባትሽ ፓስፖርቴን ጠየቁ።»

«አባቴ ፓስፖርት ምን እንደሆነ የት ያውቃል? እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ሰርካለም፣ ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ይስጡት። ወይም ሂድ፤ አልቀየምህም። ግን ሌላ ሽማግሌ እንዳትልክ። ስምንት ዓመት ትመጣለህ ትመጣለህ ስል ደክሞኛል።»

«ብቀርስ አባትሽ እሺ ይላሉ?»

«እሱን ቀርተህ እይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሀዳነ ፓስፖርቱን ከሻንጣው አወጣ፣ መለሰ፣ አወጣ። ሲነጋጋ ቁስቋም አያ ሰውአገኝ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። አስረከባቸውና «የት እንደሚያስቀምጡት እንዳይነግሩኝ» አለ። ወዲያው ለአሠሪው እንደማይደርስ ጻፈ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ ወንዙ ለሌላ ተሰጥቷል፤ መልካም ዕድል።

መስከረም አምስት፣ በበረራው ቀን ማለዳ፣ ደጁን ደግሞ አንኳኳ። አያ ሰውአገኝ ከፍተው ፊቱን አዩ፤ ፓስፖርቱን ሊያወጡለት ወደ ሳጥናቸው ዞሩ።

«ለሱ አይደለም የመጣሁት፣ አያ።»

«ታዲያ?»

«መስቀል ማግስት ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ሦስት። ግባና ተቀመጥ።»

«ቆሜ ይሻለኛል» አለና ግቢውን መዞር ጀመረ።