የተተረተረው ፈረስ

እህቴ ሥራዋ ላይ እንከን የላትም፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። አሥራ ስምንት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ አንድ ኮሌታ ተጣሞባት አያውቅም። ሰፈሩ «እመት ሜትር» የሚላት በከንቱ አይደለም፤ በሽተኛ ልትጠይቅ ገብታ እንኳ የሰው መጋረጃ ዘመም ካለ ሳታቃና አትቀመጥም። እኔ ታላቋ ነኝ፤ እዚያው ሱቋ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ። የማወራው ያየሁትን ነው።

ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከስፌት መኪናው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ለቃቅማ ጥግ ትይዛለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ጣቷን እየወጋች ፈረስ ሰፋች። ሦስት እግር ነበረው።

«አራተኛውስ?» አልኳት።

«አጥፎት ተኝቶ ነው እኮ አክስቴ፤ ደክሞታል።»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞም ገረመኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች እህቴ ያን ፈረስ አንስታ ተረተረችው። አራተኛ እግር ጨመረች፣ በመኪና አስተካክላ ሰፋችው፣ ዓይን ይሁነው ብላ ሁለት ቁልፍ ተከለችለት። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ቁልፉን ያቀበልኳት እኔው ነኝ፤ እጄን ይቁረጠው።

ልጅቷ መጥታ አገላበጠችው። «የኔስ የታለ?»

«ይኸው፣ አሳመርኩልሽ።»

«እሺ» ብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ቁራጭ ጨርቅ አልነካችም። እናትየው ጭራሽ ወለሉ ንጹሕ ሆነ ብላ ደስ አላት። ልኳል ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይኸ ነው።

ሦስት ሳምንት ታገስኩ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ደንበኛ መሰለችሽ? ማን አስተካክዪልኝ አለሽ?»

«ታዲያ ጠማማ ለምዳ ትደግ? እኔ ስማር ስፌቴ በተጣመመ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ ስመታ ነው የኖርኩት።»

«ይኸው አንቺ ደግሞ ያለ ማስመሪያ መታሻት» አልኳት።

ልጅቷ ስትመጣ እህቴ ተነስታ አዲስ ቀይ ጨርቅ፣ መቀስና መርፌ ፊቷ አስቀመጠችላት። «የፈለግሽውን ስሪ፤ እኔ አልነካም።»

ልጅቷ ጨርቁን ዳሰስ አደረገችና ቀስ ብላ ወደ እናቷ መለሰችው።

«አንቺ ስሪው እማዬ። እኔ ከሠራሁት ደግመሽ ልትለፊ ነው።»

እህቴ ጨርቁን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ምን ልበላት? ንዴቴ ያኔም አልበረደልኝ፣ ዛሬም አልበረደልኝ።