«ስቲል» የምትባል ቃል

አክስቴ ሐኪሙን የቃሏን ትርጉም እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ለምን አልጠየቀችውም? አፍራ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ደንበኛ «ሱሪው መች ረዘመ፣ አንተ ነህ ያጠርከው» ትላለች። የመጀመሪያ ልጇ ሳያለቅስ፣ ሳይንቀሳቀስ ከተወለደ ወዲህ ግን አንድ ነገር ትፈራለች፤ ሆዷ ጭር ሲል።

ሁለተኛውን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያን ቀን ከምርመራ ተመልሳ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች፤ አልሰፋችም።

«አንተ የመጽሐፍ ብል» አለችኝ፣ ቀልድ በሌለው ድምፅ። «ስቲል ማለት ምንድን ነው?»

ከእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች የለቀምኩትን ነገርኳት። ነፋስ ያልነካው ሐይቅ ስቲል ነው። ሰው ሁሉ የተኛበት ቤት ስቲል ነው። ደራሲዎቹ አንድ ክፉ ነገር ሊያመጡ ሲሉ አየሩን ስቲል ያደርጉታል። የሟች ፊትም እንዲሁ ይባላል ልል ስል ፊቷን አየሁና አፌን ያዝኩ።

«የማይንቀሳቀስ ማለት ነው በለኛ።»

ሐኪሙ ሆዷን በመሣሪያ እያየ ከባልደረባው ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ የያዘችው ይህችን ቃል ብቻ ነበር። ቃሉ «እስካሁን» ማለትም እንደሚሆን ብነግራት ላጽናናት የፈጠርኩት መሰላት። ሾፌር የሆነው ባሏ ነገ እንሄዳለን፣ አሁን ተኚ አላት። በግራ ጎኗ ተኛች፣ በቀኝ ተገላበጠች፣ ልጁ እንዲንቀሳቀስላት ተነስታ ስኳር በውሃ በጥብጣ ጠጣች። እነሱ ቤት ከምተኛበት ክፍል ግድግዳ ወዲያ ሆዷን እየነካካች «እባክህ፣ አንዴ ብቻ» ስትል እሰማታለሁ። መጽሐፌን ገልጬ አንድም መስመር አላነበብኩም።

ክሊኒኩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነበርን። ሐኪሙ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ነገሩ ሲገባው ግንባሩን ያዘ።

«እኔ ያልኩት እስካሁን አልዞረም ነው። ጭንቅላቱ ገና ወደ ላይ ነው፤ ለመዞር ጊዜ አለው።»

ከዚያ የልቡን ምት አሰማት። ክፍሉን ሞላው፤ ፈጣን፣ እልኸኛ ምት። አክስቴ አላለቀሰችም። ድገምልኝ አለችው፤ ደገመላት። እንደገና አለችው።

ስትወጣ በሩን ይዛ ዞር አለች። «ዶክተር፣ ሁለተኛ እኔ ፊት እንግሊዝኛ እንዳታወራ።»

ቤት እንደገባን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ባሏ መጋረጃውን ሳበላት። እንቅልፍ ሲወስዳት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።