የጋሽ ይቀመጥ አሮጌ ጃቫ

ሙያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ቢሮ ውስጥ ግን የሚያውቁት በቅጽል ስሙ ነው፤ «ጋሽ ይቀመጥ» ይሉታል። የተሰበረ ማውዝ ሊጣል ሲል «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» ይላል። ባትሪው ያበጠ ስልክ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ ሁሉም ይቀመጣል። መሳቢያው ከሞላ ቆይቷል፤ አሁን ተራው የቤቱ ነው።

ሌላም የሚታወቅበት ነገር አለ። በሥራ ቀን የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ሰማይ ቢደፋም ለሚስቱ ይደውላል። «በላሽ?» ይላታል። «አንተስ?» ትለዋለች። በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። ወንዶቹ ያሾፉበታል፤ ያገቡት ሴቶች ግን ማታ ቤታቸው ገብተው ባሎቻቸውን በእሱ ይወቅሳሉ።

ሚስቱ የእናቶች ክሊኒክ ውስጥ አዋላጅ ናት። ክሊኒኩ የቀጠሮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሲፈልግ ዋና ሐኪሟ ዘንድ ገብታ ዋስ ሆነችለት። «ባሌ የያዘውን ነገር አይለቅም» አለቻቸው። «ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት ሳይደውልልኝ የዋለበት ቀን የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ነገር መሃል መንገድ ላይ ይቀራል ብለው አይስጉ።» ሐኪሟ ይህን ከማንኛውም የምስክር ወረቀት አስበልጠው ተቀበሉት፤ ከምሳ በኋላ ቢሮው ድረስ መጥተው ሊያዩም ተቀጣጠሩ። እንግዲህ ፕሮግራሙ አልሠራም ቢል የምታፍረው ሚስቱ ናት።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከፈተው። አልሠራም።

ፕሮግራሙን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ቀጠሮ የሚይዘውን ክፍል አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በአዲሱ እትም ሠራችው፤ ሪፖርት የሚያወጣውን እሱ በለመደው በአሮጌው ሠራ። ሁለቱን አጋጥሞ ሊያስነሳ ሲል ኮምፒዩተሩ የእሷ ክፍል በአዲስ ጃቫ ስለተሠራ ሊያነበው እንደማይችል ነገረው። «ይቺማ ቀላል ናት» ብሎ አዲሱን ጃቫ ጫነ። የትኛውን ጃቫ እንደያዘ በትእዛዝ ሲጠይቀው ኮምፒዩተሩ «ስምንት» አለ። የጫነው አሥራ ሰባትን ነው። አጥፍቶ አበራው፤ ስምንት። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ የአዲሱን አድራሻ በእጁ ጻፈለት፣ እንደገና አጥፍቶ አበራው፤ አሁንም ስምንት። በቅሎ እንኳ እንዲህ አትገግምም!

«ጋሼ፣ የሆነ ነገር ወደ አሮጌው እየመለሰው ነው» አለችው ልጅቷ። «ሲነሳ የሚያነበውን ፋይል አይተኸዋል?»

ፋይሉን ከፈተው። እውነትም አንዲት መስመር ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ አሮጌው ጃቫ ትመልሰዋለች። ከበላይዋ «አትንኩ! ምክንያት አለው» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል።

«የትኛው ጅል ነው ይኼን የጻፈው?» ብሎ ጮኸ።

ልጅቷ እሱኑ አየችው። ያንን ኮምፒዩተር ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም።

ምክንያቱን ሊያስታውስ ራሱን አከከ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጭራሽ ጠፋበት።

«መስመሯን አጥፋት» አለችው። «አሮጌውንም ንቀለው፣ እንገላገል።»

«ይቀመጥ፣ ምናልባት...» ብሎ ሲጀምር የሚስቱ ፊት ድቅን አለበት። ጥርሱን ነክሶ ነቀለው። ቢሮው በሙሉ ሥራውን አቁሞ አጨበጨበ፤ ጋሽ ይቀመጥ አንድ ነገር ሲጥል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ኮምፒዩተሩ «አሥራ ሰባት» አለ፤ በተራው ደግሞ የእሱ ሪፖርት እምቢ አለ። እሱ በአሮጌው ጃቫ የለመደው ሳያስፈቅድ የሁሉንም ጓዳ መግባት ነው። ልጅቷ ግን ፕሮግራሙን ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍላዋለች፤ በዚህ አሠራር አንዱ ሞጁል ሌላውን ከፈለገ በስሙ ጠርቶ ማስመዝገብ አለበት። ሪፖርቱ የመረጃ ቋቱን ሳይጠይቅ ሊያነብ ሲል በሩ ተዘጋበት። «በገዛ ቤቴ አስፈቅጄ ልግባ?» እያለ ሲነጫነጭ ቆየና የመረጃ ቋቱን ሞጁል የምትጠይቅ አንዲት መስመር ጨመረ። ፕሮግራሙ ተነሳ! ምሳ መብላቱን ረስቶ ሲሞክረው፣ ደግሞ ሲሞክረው፣ እንግዶቹ መጡ።

ሐኪሟ ፈገግ ብለው ገቡ። ሚስቱ ከኋላቸው ናት፤ ፊቷ ዳምኗል። ፕሮግራሙ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ቀጠሮ ያዘ፣ ሪፖርት አወጣ። ሐኪሟ እንደወደዱት ተናግረው «እንግዲህ እንጀምር» አሉ። ሚስቱ ብቻ ጥርሷን አላሳየችም።

ሲሸኛቸው ደረጃው ላይ ወደኋላ ቀረት አለችና ያዘችው። «አሞህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«ታዲያ ምሳ ሰዓት ምን ሆንክ? ‹አሁን ይደውላል፣ ይዩት› ብዬ ስልኬን ሐኪሟ ፊት አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ነበር።»

«አትንኩ» ያሰኘው ምክንያት ያኔ ትዝ አለው። በተጋቡ ሰሞን መደወል እየረሳ ስታኮርፍበት፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና «ደውል» ትለዋለች። ከመልመዱ የተነሳ እያያት አያያትም፤ ይዘጋትና እጁ በራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል። የምትሠራው ደግሞ በአሮጌው ጃቫ ብቻ ነበር።

ሊዋሽ አሰበ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ሁሉንም ነገራት። እሷ ደረጃው ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ከነገ ጀምሮ በራሴ አስታውሳለሁ» አለ።

«አንተንማ አውቅሃለሁ» አለችው፣ ሳቅና እንባ እየታገሏት። «ቤቱን በኮተት አጣበህ ኖረህ ኖረህ፣ የምትጥለው ብታጣ እሷን ጣልካት? ሂድ መልሳት። እሷ ትቀመጥ።»