ለወይዘሮ ኢንግሪድ ያስተረጎምኩት

ግራጫ ስፖንጅ የለበሰ ማይክሮፎን ባየሁ ቁጥር፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ በሪችፊልድ በነበረው አፓርታማችን ያሳለፍኩት አንድ በረዷማ ቅዳሜ ይመጣብኛል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሂተሩ ላይ የተሰጡት እርጥብ ጓንቶቻችን ቤቱን በሱፍ ሽታ ሞልተውታል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ኢንግሪድ በትውልድ አገራቸው በስዊድን ለረጅም ዓመታት የሬዲዮ ጋዜጠኛ የነበሩ፣ በኋላም ታሪክን ለተራው አንባቢ በሚጥም ቋንቋ የጻፉ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ተከትለው ሚኒያፖሊስ ከመጡ ወዲህ ስለ ስደተኞች የመጨረሻ መጽሐፋቸውን ያዘጋጁ ነበር። ያንን ማይክሮፎን ይዘው አባቴን ሊጠይቁት መጡ፤ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። በዚያ ዘመን እኛ ልጆች በሐኪሙም በአስተማሪውም ፊት የወላጆቻችን አፍ ነበርን፤ ያልወደድነውን ቃል አሳምረን ማቅረብም ልማዳችን ነበር።

አባቴ ወደ ሱዳን ስላደረገው ጉዞ ተረከ። ድንበሩ ሲቃረብ የጓደኛው የታደሰ እግር አብጦ መራመድ አቃተው። «ውሃውን ሰጠሁት፤ ትቼው ሄድኩ» አለ። ጋሽ ታደሰን አውቀዋለሁ፤ ኩን ራፒድስ የሚኖር፣ በየበዓሉ ቤታችን የሚመጣ ሰው ነው። ሌሎች መንገደኞች ደርሰው እንዳዳኑት ሰምቻለሁ፤ ማን እንደተወው ግን የነገረኝ አልነበረም። አፈርኩ። «ተሸክሞት ተሻገረ» ብዬ ተረጎምኩ።

ወይዘሮ ኢንግሪድ አባቴን እያዩ፣ ትከሻቸውን ተራ በተራ እየነኩ፣ «በየትኛው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ደግሞ ትከሻዬን ምን አደረግኩት?» አለኝ አባቴ። ነገርኩት። ሳቁ አመለጠው። «ተሸከመው አልካቸው? አንተ ልጅ! ታደሰ እኮ ኮርማ ነው፤ እኔ የራሴን እግር መጎተት አቅቶኝ ነበር!» ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። «ያልኩትን ንገራቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ይውጣ።»

ወይዘሮ ኢንግሪድ አልተቆጡኝም። ወጣት ሳሉ የአንዲት ባልቴት ንግግር አሳምረው ቢያስተላልፉ፣ ሴትዮዋ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላ ዳግም በሯን እንዳልከፈተችላቸው ብቻ ነገሩኝ። ሁለተኛው ትርጉሜ ቃል በቃል ነበር።

በማግስቱ አባቴ ኩን ራፒድስ ሄደ። እዚያ የተባባሉትን አላውቅም። አመሻሹ ላይ ግን አብረው ተመለሱ፤ ጋሽ ታደሰ «ውሃው እኮ ሞቆ ነበር፣ አንተ ሰውዬ!» እያለ ሲቀልድበት ከደረጃው ሰማሁ።

መጽሐፉ በስዊድንኛ ወጣ፤ ከቤታችን ሊያነበው የቻለ አልነበረም። ዘንድሮ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ቋንቋውን ስማር ከርሜ፣ ያንን ገጽ ደረስኩበት። ጓደኛውን ትቶት ሄደ ይላል፤ አንድም ጌጥ የለውም። ያኔ ከአፌ ለማውጣት ያፈርኩበትን ዓረፍተ ነገር፣ ዛሬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።