ትኬት የማይገዛው ሰው

ጋሽ ኪዳነወልድ አሶሳ የመጡት ነርስ ልጃቸውን ተከትለው ነው። ከዚያ በፊት አርባ ዓመት ሙሉ ድሬዳዋ ላይ የድሮው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሐዲድ በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ ከተማ ስለ ባቡር ሲያወሩ የሚውሉት ደግሞ የእኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ደንበኛ አባረሩብኝ እያልኩ ባማርርም፣ የቀሩ ቀን ይከፋኝ ነበር።

ከኩርሙክ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ሙርሳል በጣም ይወዳቸዋል። አንድ ቀን «ጋሽ ኪዳነ፣ ወላሂ አልገባኝም፤ ይሄ ባቡር የማን ነው?» አላቸው።

«እኔ ስቀጠር የፈረንሳዮችና የመንግሥት ነበር። በደርግ ጊዜ ፈረንሳዮቹ ወጡና የእኛና የጅቡቲ መንግሥት ያዙት። ከዚያ ሐዲዱ አረጀ፤ መንገደኛውም ጭነቱም ቀረ። አሁን በቻይና ብድር አዲስ ተሠርቷል። ባለቤቱ የሁለቱ መንግሥታት አክሲዮን ማኅበር ነው። መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሱት ቻይናዎች ነበሩ፤ እነሱም አስረከቡ።»

«አንተስ የማን ነህ?»

«እኔማ የባቡር ሰው ነኝ። ባለቤት ይመጣል፣ ይሄዳል።»

ከደረት ኪሳቸው ፎቶ የተለጠፈበት የነጻ ጉዞ ካርድ አውጥተው አሳዩት። በእነሱ ዘንድ የባቡር ሠራተኛ ጡረታ ቢወጣ እንኳ ትኬት መግዛት ነውር ነው። የመንገደኛው ባቡር ከሞላ የጭነቱ ባቡር ሠራተኞች የኋላ ጠባቂው በሚቀመጥበት መጨረሻው ፉርጎ ላይ ቦታ ይሰጡታል።

ባለፈው ሚያዝያ ከድሬዳዋ ተደወለ። እናት ሆና ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው እልፍነሽ ልትሞት ነው። ልጇ ጌትነት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲያደርግላት «ኪዳኔ፣ ዓይንህን ልየው» ብቻ አለች።

እኔም ዕቃ ላመጣ ስለነበር አብረን ተነሣን። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትተን አዲስ አበባ ገባን። ከዚያም በአውቶቡስ እንቀጥል ብላቸው «ሽመንደፈር እያለ!» ብለው ባቡሩን በድሮ ስሙ ጠርተው ተቆጡኝ። ለጌትነትም በባቡር እንደምንመጣ ደውለው ነገሩትና በማግስቱ ጠዋት ለቡ ጣቢያ ደረስን። የመንገደኛው ባቡር ቀን እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ቀኑ ገጥሞልን ነበር።

ትኬት የምትሸጠው ልጅ ካርዱን ፊትና ኋላውን አየችው። «አባባ፣ ይሄ የእኛ አይደለም። የድሮው ድርጅት ነው። ትኬት ይግዙ፣ ቦታ አለ።» በትሕትና ነው ያለችው።

«ኃላፊሽን ጥሪልኝ!»

ኃላፊውም መጥቶ ያንኑ ደገመላቸው። እኔ ብር ሳወጣ እጄን ጨምድደው ያዙኝ። «በቃሉ፣ ብትገዛ ተለያየን!» አሉ። ፈራኋቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ሽማግሌ ቢቆጣኝ ምን ይመጣብኝ ነበር? ተሸክሜም ቢሆን ላስገባቸው ይገባኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ባቡሩ ጥሎን ሄደ።

«ጭነቱ አለ» አሉ፤ ወደ ጭነት ጣቢያው ሄድን። እስኪመሽ በሩ ላይ ቆምን። በመጨረሻ ኮንቴይነር የጫነ ረጅም ባቡር ወጣ። ሰው የሚቀመጥበት የኋላ ፉርጎ የለውም። ጥበቃው ካርዱን ለማየት እንኳ እጁን አልዘረጋም። ጋሽ ኪዳነወልድ ባቡሩ ከዓይናቸው እስኪጠፋ አዩትና «ኋላውን ማን ነው የሚጠብቀው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ!

በነጋታው በአውቶቡስ ሄድን። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እልፍነሽ ቤት ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሌሊቱን አርፋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀብራለች።

ጌትነት አጎቱን አቅፎ አለቀሰ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ስታይ ነበር። ባቡሩ ገባ ስንላት፣ አሁን ይመጣል ብላ ቀና ልትል ሞከረች። ምነው ጋሼ፣ ምን አገኛችሁ?»

ጋሽ ኪዳነወልድ መሬት መሬቱን አዩ። «ባቡሩ ዘግይቶ» አሉ።

ጌትነት ትናንት ጣቢያ ድረስ ሊቀበላቸው ሄዶ፣ ባቡሩ በሰዓቱ ሲገባና ተሳፋሪው አንድ ሳይቀር ሲወርድ ቆሞ ያየ ሰው ነው። እሱ ራሱ ወንበር አመጣላቸውና ተቀመጡ።