ዳንቴል የለበሰው አላርም

ገና ከመነሻው ልናገርና ይውጣልኝ፤ በታናሽ እህቴ ቀንቻለሁ። በወርቅ ወይ በመኪና ቢሆን እኮ ሰውም ይረዳኝ ነበር። እኔ የቀናሁት የሲኒ ማስቀመጫ በምታክል ነጭ ፕላስቲክ ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ክረምት አልፏል። ቤታችን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ነው፤ በአጥሩ በኩል ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ለሶላት ስትነሳ ለውዱ ውሃ የማሞቅላት እኔ ነኝ። ቁርጥማት የያዘውን ጉልበቷን በቅባት የማሸው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዘው፣ መድኃኒቷን ሰዓት ቆጥሬ የማቀርበው እኔ። እህቴ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የምትኖረው። እሁድ እሁድ ሙዝ ይዛ ትመጣለች። እናቴ ታዲያ እስከ ረቡዕ የምታወራው ስለ ሙዙ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። እኔ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጥ ሲነከር ኖሯል።

እናቴ ክረምት ሲገባ የከሰል ምድጃዋን ክፍሏ ታስገባና በሩን ዘግታ እግሯን ትሞቃለች። «እማ፣ ከሰል እቤት ውስጥ ይገድላል» እያልኩ ምላሴ እስኪዝል ነግሬያታለሁ። መልሷ አንድ ነው፤ «አንቺ ደግሞ መጨቅጨቅ ስትወጂ»። ባለፈው ሐምሌ እህቴ ሁለት አላርም ገዝታ፣ ኤሌትሪክ ሠራተኛ አስከትላ መጣች። አንዱ ጭስ ሲደርስበት የሚጮህ ነው፤ እሱ ወጥ ቤት በር ላይ ተሰቀለ። ሌላው ለእናቴ ክፍል ነው፤ ከሰል የሚተፋውን ሽታም መልክም የሌለውን መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉትን፣ ያውቃል። እኔ ዘጠኝ ዓመት የለፈለፍኩትን እሷ በሁለት ብሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ምስጋናውን ጠቅልላ ወሰደች።

ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ እናቴና እህቴ ሳሎን ምሳ ቀርቦላቸው ይሳሳቃሉ። «ለእሷ አሳያት፤ እቤት የምትውለው እሷ ናት» አለችው እህቴ ከተቀመጠችበት። ክፋት አልነበረበትም፤ እኔ ግን የሰማሁት ዘበኛዋ እሷ ናት ያለችው ሆኖ ነው። ሰውየው የመሞከሪያውን ቁልፍ አሳየኝ፣ ባትሪ ድንጋዩ የሚቀየርበትን አሳየኝ። ከዚያ አብሮት የመጣውን ስስ ላስቲክ ከፊቱ ላይ ገፈፈና፣ «ከሁሉ በላይ ይሄ ፊቱ እንዳይሸፈን፣ እህቴ። አየር ካላገኘ ደንቆሮ ማለት ነው፤ ሰው አጠገቡ እየሞተ አይሰማም» አለኝ። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

እናቴ ያን ዕለት ለአላርሙ ስም አወጣችለት። ዋርድያዬ አለችው። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ዋርድያዋን ይጎበኛል። «ልጄ ናት የሰቀለችልኝ። ዓለም ባንክ ሆና እኔን ትጠብቀኛለች» ትላለች። ጎረቤቶቻችን «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ ልጅ መውለድ» ይላሉ፤ ሻይ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። የወጥ ቤቱ ደግሞ ሽንኩርት ሳቁላላ በጮኸ ቁጥር፣ እናቴ ከክፍሏ «ወጥሽ እያረረ ነው ብላ እህትሽ እየተቆጣችሽ ነው» ብላ ትስቃለች። ሽንኩርቱስ አላረረም፤ ያረረው ቆሽቴ ነው።

እኛ ቤት አዲስ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ አርጅቷል። ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ እንኳ ሽንሽን ቀሚስ አለው፤ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዋርድያዋ በተሰቀለ በሳምንቱ እናቴ ጠራችኝ። «ሰውየው ላስቲኩን ምን ሊሆነው ገፈፈው? አቧራ ይበላዋል እኮ። ንጹሕ ፌስታል አልብሺውና ከላይ ዳንቴል ሥሪለት» አለች።

እምላለሁ፣ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። የሰውየው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እሷ ግን ቀጠለችና፣ «እሷ ባታስብልኝ ማን ያስብልኝ ነበር» አለች። ይህን ስትል እግሯ እጄ ላይ ነበር፤ ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ነው።

አፌን ዘጋሁ። ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ነጭ ክር መርጬ፣ ዙሪያውን አበባ አድርጌ ሠራሁለት። ፌስታሉን አጠለቅሁና በክር አጥብቄ አሰርኩት፣ ዳንቴሉን ከላይ አለበስኩት። አውቅ ነበር። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሳስረው ያሰብኩትንም አስታውሳለሁ፤ እስቲ አሁን ጠብቂያት፣ ዋርድያዋማ እኔ ነኝ። በየሰዓቱ በሩን እከፍትላታለሁ፣ ምድጃውን አወጣለሁ፣ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ቅናት ሰውን እንዲህ ያጃጅላል።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ክር አልቆብኝ መርካቶ ወረድኩ። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ ታክሲ ጠፋ፣ የታክሲው ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። እቤት ስደርስ ከአስር በኋላ ሆኗል። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት የለም። የእናቴ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ነፋስ እንዳይገባ ብላ ከሥሩ ጨርቅ ወትፋበታለች። ገፍቼ ስገባ መስገጃዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ምድጃው አጠገቧ ፍም ብሏል። ግድግዳው ላይ አላርሙ ዳንቴሉን ለብሶ ዝም ብሏል።

ብብቷን ይዤ ወደ በረንዳ ጎተትኳት። ዓይኗን ገለጥ አደረገች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የጠራችው የእህቴን ስም ነው። በዚያች ደቂቃም ቀናሁ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እኔ እቀናለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታችን ላዳ ሊያቆም ሲሮጥ እኔ ጋቢዋን ላመጣ ተመለስኩ። ጋቢውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ዳንቴሉንም ፌስታሉንም ከግድግዳው ላይ ቦጭቄ መሳቢያዬ ውስጥ ወተፍኩ። ክሊኒክ ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አትደርሺባትም ነበር አለኝ። በማግስቱ በእግሯ እየሄደች እቤቷ ገባች፣ አልሀምዱሊላህ።

እህቴ በሩጫ መጣችና ራቁቱን የተሰቀለውን አላርም አየችው። «አልጮኸም?» አለችኝ።

«አልጮኸም» አልኩ። ውሸት አይደለም። አልጮኸም።

«እኔ ነኝ። ደህናውን መግዛት ነበረብኝ፤ የማይረባ ዕቃ ሰቅዬ ተማምኜ ቁጭ አልኩ» ብላ አለቀሰች። እናቴም ለመጣው ሁሉ አዲስ ወሬ አገኘች። «የፕላስቲክ ዋርድያ ምን ዋጋ አለው። ትልቋ ልጄ ባትደርስልኝ አልቆልኝ ነበር። የሰው ዋርድያ የያዘ ምን ይጎድልበታል» ትላለች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይኸው መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ጣፈጠኝ። እህቴ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ፣ የቀረበላትን ሳትነካ ስትቀር እያየሁ እንኳ ጣፈጠኝ። ማታ ስተኛ ግን መሳቢያው ትዝ ይለኛል።

በሚቀጥለው እሁድ እህቴ ሙዝ አልያዘችም። የያዘችው አዲስ አላርም ነው፤ ሰውየውንም አልጠራችም። ብሎን መፍቻ ከጎረቤት ለምና፣ ዱካ ላይ ቆማ፣ አሮጌውን አውርዳ አዲሱን ራሷ ሰቀለች። ሥራውን አታውቀውም፤ ሁለቴ ጣቷን ወጋች። እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ እኔን ትመርቃለች። «አላህ እጅሽን ይባርከው። አላህ እንዳንቺ ያለ ለሁሉም እናት ይስጥ» ስትል፣ ከዱካው ላይ «አሚን» ያለችው እህቴ ናት። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ።

እናቴ አዲሱን አላርም አየችና ደስ አላት። «በይ አሁን ያቺን ዳንቴሏን አምጪና አልብሺው» አለችኝ። «ፌስታሉን ደግሞ የበፊቱ ላላ ብሎ ነው መሰለኝ፤ አቧራ ገብቶ አበላሸው። ጠበቅ አድርጊው»።

እህቴ ከነመፍቻዋ ዞረች። «የምን ፌስታል?»

«ለአቧራው ነዋ። እህትሽ ናት ያለበሰችው። ዳንቴሉ እንዴት አምሮበት ነበር መሰለሽ» አለች እናቴ።

እህቴ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ ሰውየው አልነገረሽም?»

አልነገረኝም ማለት እችል ነበር። ሰውየውን ማን ፈልጎ ይጠይቀዋል? «ነግሮኛል» አልኩ።

ከዱካው ወረደች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ እኔም የዘጠኝ ዓመት መልስ አለኝ፣ ውዱውንም፣ ቅባቱንም፣ ወረፋውንም አንድ በአንድ ልደረድርላት ነው። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና አሮጌውን አላርም አገላብጣ፣ ቁልፉን ተጫነችው። ጮኸ። እናቴ ጆሮዋን ይዛ «ይሠራል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እህቴ አልሳቀችም። ድምፁ ሲያበቃ ቀስ ብላ፣ «አንቺ እኮ ሁልጊዜ አጠገቧ ነሽ፣ እትዬ። ጠዋት ስትነሳ የምታየው አንቺን ነው። እኔ እዚህ ቤት ያለኝ እሱ ብቻ ነበር» አለች።

እሷም ትቀናብኛለች ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ክፍሌ ሄጄ ዳንቴሉን ከመሳቢያው አወጣሁና እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

«አዲሱ ይሄን አይለብስም፣ እማ። ፊቱ ሲሸፈን አይሰማም» አልኳት።

መናገሩ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም። እናቴ ዳንቴሉን በመዳፏ ዘርግታ አበባውን እየዳበሰች ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም ነበር፣ ልጄ?» አለች።